ጭሱ በየት በኩል ይወጣ ነበር? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ አሮጌ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት

የዚህ ወር አምዳችን የያዘው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ የሚኖሩ አንድ አባት፣ በእንግሊዝ አገር የምትኖር ልጃቸው ስለተከራየችው አሮጌ የገበሬ ቤት ጥያቄ ጽፈውልን ነበር። ደብዳቤያቸውን በፈቃዳቸው ለሌሎች የጣና ዳርቻ አንባቢዎቻችን ብናሳይ እነሱም የየራሳቸውን ጥያቄ ጨምረው ላኩልን። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከባለቤቷ ጋር በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ፣ በእርሻ መካከል ለብቻው የቆመ አሮጌ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በላከችልኝ ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ግንድና ነጭ ምርጊት የተፈራረቁበት ግድግዳ፣ ከጣሪያውም መካከል የወጣ ትልቅ የጡብ ጭስ ማውጫ ይታያል። አከራይዋ ቤቱ የተሠራው በ1400ዎቹ ነው ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ጭስ ማውጫውና ፎቁ የ1600 ገደማ ሥራ ናቸው ይላሉ። አንድ ቤት እንዴት ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል? በዚያ ዘመንስ አንድ ገበሬ ይህን የሚያህል ቤት በምን አቅሙ ሠራ? (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ዓባይ ማዶ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አከራይዋ የተናገሩት እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም እውነት ሊሆን የሚችል ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ለመመርመር የተነሣ ሰው አስቀድሞ ጭሱ በየት በኩል ይወጣ እንደነበር ቢጠይቅ፣ የቀረው የግንባታ ቅደም ተከተል ብዙ ሳይደክም ይገለጥለታል።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን በኬንት የተሠራ የደኅና ገበሬ ቤት ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቤቱ እንደ እኛ ሰቀላ ቁመቱ ረዘም ያለ ሲሆን ውስጡ በሦስት ይከፈላል። መካከለኛው ክፍል ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጫፍ ድረስ ምንም ፎቅ ያልገባበት አዳራሽ ነው፤ እሳቱም የሚነደው በዚሁ አዳራሽ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ በጭቃ ወይም በድንጋይ በተደለደለ ምድጃ ላይ ነበር። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በወራጆቹ መካከል ከቆየ በኋላ በክዳኑ ክፍተትና በጣሪያው ጫፎች ላይ በተተዉ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይወጣል። በገጠር ጎጆ ያደገ አንባቢ ይህን በዓይነ ልቡናው ለመሣል የሚቸገር አይመስለኝም። ከአዳራሹ በአንደኛው ጫፍ፣ አንዱ ለመጠጥ ሌላው ለዳቦና ለእህል ነክ ነገር የሚያገለግሉ ሁለት ጓዳዎች ነበሩ፤ በሌላኛው ጫፍ የቤቱ ጌታና የቤተሰቡ የግል ክፍል ይገኛል። ከላያቸው ፎቅ ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው። ሰው የሚገባው ደግሞ በአዳራሹና በጓዳዎቹ መካከል፣ ፊት ለፊትና በስተጀርባ ትይዩ በሮች ባሉት መተላለፊያ በኩል ነው።

በኬንትና በሰሴክስ መካከል የሚገኘው ደናማ ምድር ዊልድ ስለሚባል፣ በዚያ አካባቢ የበዛው የዚህ ቤት ዓይነት የሚጠራው በምድሩ ስም ነው። በውጭ በኩል የሚታወቀውም በቀላሉ ነው፤ የሁለቱ ጫፎች ፎቅ ከታችኛው ግድግዳ አልፎ ወደ ፊት ወጣ ያለ ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ያለው አዳራሽ ግን ፎቅ ስለሌለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል፤ አንድ ክዳንም ሦስቱን ይሸፍናል። ከዚህ ዓይነት ቤቶች በደንብ የተጠናው ቤይሊፍ የተባለው የገበሬ ቤት ነው። ይህ ቤት ይገኝበት የነበረው የኬንት ሸለቆ ለውኃ ማጠራቀሚያ ግድብ በመፈለጉ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንጨት በእንጨት ተፈትቶ በምዕራብ ሰሴክስ ሲንግልተን በተባለ መንደር ወደሚገኘው የገጠር ቤቶች ሙዚየም ተወስዶ ዳግመኛ ተተክሏል። አዳራሹ የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ሲሆን፣ የባለቤቱ የግል ክፍል የሚገኝበት ጫፍ የተጨመረው አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። እንግዲህ የልጅዎ ቤት ሁለት ዕድሜ አለው ቢባል የሚያስገርም አይደለም፤ ሦስትና አራት ያላቸውም ብዙ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው ቤቱን ዛሬ የምናየውን መልክ ያስያዘው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእህልና የሱፍ ዋጋ ያለማቋረጥ ሲጨምር፣ ብዙ ገበሬዎች ለመሬት ጌታው የሚከፍሉት ግብር ግን በጥንቱ ልማድ ተወስኖ ቆየ፤ ልዩነቱ በገበሬው እጅ ቀረ። በዚያው ዘመን ጡብ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ እየቀረ መጣ። ስለዚህ ገበሬው አሮጌውን ቤት ሳያፈርስ በአዳራሹ ውስጥ የጡብ ጭስ ማውጫ አቆመ። ጭሱ መውጫ ሲያገኝ ከአዳራሹ በላይ የነበረው ባዶ ቦታ ለኑሮ የተመቸ ሆነ፤ በመሆኑም ወለል ተነጥፎበት ፎቅ ሆነ፤ ፎቁ ሲመጣ ደረጃ ተሠራለት፤ የመኝታ ክፍሎች በዙ፤ ጌታና ሎሌ በአንድ እሳት ዙሪያ አብረው መዋላቸውም እየቀረ ሄደ። በመካከሉ የሽግግር ዘዴም ነበር፤ አንዳንዶች ጡቡን ከማቆማቸው በፊት የአዳራሹን አንድ ጠባብ ክፍል በግድግዳ ከልለው ጭሱ በዚያ ብቻ ወደ ጣሪያ እንዲወጣ ያደርጉ ነበር።

በዘመኑ የነበሩ ሰዎችም ለውጡን በደንብ አስተውለውታል። በኤሴክስ አውራጃ የራድዊንተር ደብር ቄስ የነበረው ዊልያም ሐሪሰን፣ በ1577 በታተመ ጽሑፉ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው እጅግ ተለውጦ ካዩት ነገር ሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የጭስ ማውጫዎችን መብዛት እንደሆነ መዝግቧል፤ በወጣትነታቸው በአብዛኞቹ የገጠር መንደሮች ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጡም ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዊልያም ሆስኪንስ በ1953 ባወጣው ጥናት ከ1570 እስከ 1640 ያለውን ዘመን የገጠር እንግሊዝ ታላቅ የዳግም ግንባታ ዘመን ብሎታል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ለውጡ በሁሉም አካባቢ በአንድ ጊዜ እንዳልሆነ፣ በደቡብ ምሥራቅ ቀደም ብሎ በሰሜን ደግሞ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ዘግይቶ እንደመጣ አሳይተዋል። በእኔ አስተያየት የኋለኞቹ እርማት ትክክል ነው፤ ኬንትን ብቻ አይቶ ስለ መላው እንግሊዝ መናገር ዘጌን ብቻ አይቶ ስለ ጎጃም ሁሉ እንደ መናገር ነው።

ስለ ገበሬው አቅም የጠየቁት ጥያቄ ወደ ኋላ ይመልሰናል። በ1348 እና በ1349 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከአገሩ ሕዝብ ከሲሶ ያላነሰውን፣ ምናልባትም እኩሌታውን ፈጀ። የተረፈው ሰው መሬት አልጠበበውም፤ የሠራተኛ እጥረት ስለነበረም የጉልበት ዋጋ ጨመረ። አንዳንድ ቤተሰቦች የሞቱትን ጎረቤቶቻቸውን መሬት ከራሳቸው ጋር እያጣመሩ፣ ከመኳንንቱ በታች ከድሃው ገበሬ በላይ የሆነ መደብ ፈጠሩ፤ እነዚህም ዮመን ይባላሉ። ልጅዎ የምትኖርበት ዓይነት ቤት የዮመኖች ቤት ነው። የተራው ጭሰኛ ቤት በዚያ ዘመን ከአንድ ወይም ከሁለት ክፍል አያልፍም ነበር፤ እስከ ዛሬ የቆመውም እጅግ ጥቂት ነው። አሮጌ ቤቶችን እያዩ የጥንት ገበሬ ሁሉ ተደላድሎ ይኖር ነበር ብሎ መደምደም የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጅዎ የአከራይዋን ቃል ራሷ ልታረጋግጥ ከፈለገች ባትሪ ይዛ ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቆጥ ትውጣ። ከጭስ ማውጫው ርቀው የሚገኙት ወራጆች ሳይቀሩ በጥላሸት ጠቁረው ከሆነ፣ ቤቱ በአንድ ወቅት እሳቱ በወለል ላይ የሚነድበት አዳራሽ እንደነበረው ጠንካራ ማስረጃ ነው። የግድግዳው ጥቁርና ነጭ መሆን ግን ስለ ዕድሜው ብዙ አይነግራትም፤ ግንዱን ጥቁር መቀባት በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ፋሽን ነው፤ ከዚያ በፊት እንጨቱ ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ተትቶ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም ከምርጊቱ ጋር አንድ ላይ በኖራ ይቀባል።

ጥያቄ፦ ለ500 እና ለ600 ዓመታት የቆመ የእንጨት ቤት እንዴት አልበሰበሰም? እኛ ዘንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ይበላል። የቤቱ ዕድሜስ በምን ይታወቃል? (የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የመጀመሪያው ምክንያት እንጨቱ ነው። ዋናው የግንባታ እንጨት ኦክ ሲሆን፣ ማዕከላዊው ክፍሉ ከባድና በሽታን የሚቋቋም ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለእኛም የሚበጅ ስለሆነ ትንሽ ላቆይዎት። ጥንት የእንግሊዝ ገበሬም እንደ እኛ ምሰሶውን በአፈር ውስጥ ይተክል ነበር፤ እነዚያ ቤቶች ሁሉ ከመሬት ሥር በቁፋሮ የሚገኝ የጉድጓድ ምልክት ብቻ ትተው ጠፍተዋል። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከ13ኛው ጀምሮ ግን ምሰሶዎቹ በዝቅተኛ የድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም ግንድ ላይ መቆም ጀመሩ። እንጨቱ ከእርጥብ አፈር ተለየ፤ የቤቱ ዕድሜም ከአንድ ትውልድ ወደ ብዙ መቶ ዓመታት አለፈ። በተጨማሪም ምስጥ በተፈጥሮው በእንግሊዝ አይገኝም፤ የእንጨቱ ጠላቶች ሻጋታና እርጥበት ያገኘውን ኦክ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ናቸው፤ ሁለቱም ደረቅ እንጨት ላይ እምብዛም አቅም የላቸውም።

አናጺዎቹ ኦክን የሚጠርቡት ደርቆ ሳይሆን እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ መሣሪያ አያስነካም። የአንዱን ግንድ ጫፍ በምላስ ቅርጽ ጠርበው በሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ይሰኩታል፤ ከዚያም ሁለቱን አሳልፎ በተበሳ ቀዳዳ የእንጨት ሚስማር ይመቱበታል። ግንዱ እየደረቀ ሲሄድ ይጨማተርና ይጣመማል፤ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ቀጥ ያለ ነገር የማይገኘውም ስለዚህ ነው፤ መገጣጠሚያው ግን ከመላላት ይልቅ ይጠብቃል። መላው የቤቱ አጥንት አስቀድሞ በአናጺው ግቢ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይገጣጠማል፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በመሮ የሮማውያን ቁጥር ይቀረጽበታል፤ ቀጥታ መስመሮች ብቻ ስለሆኑ ለመሮ ይመቻሉ። ከዚያም ተፈትቶ በጋሪ ወደ ቦታው ይሄድና በቁጥሩ ይቆማል። እነዚህ ቁጥሮች በብዙ ቤቶች ዛሬም ይነበባሉ።

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚሞላበት ዘዴ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። የኦክ ፍላጮች ቀጥ ብለው ይቆሙና ሄዘል የተባለ ቁጥቋጦ ቀጫጭን ቅርንጫፍ እንደ ቅርጫት ይጠለፍባቸዋል፤ ከዚያም ጭድና የከብት እበት የተቀላቀለበት ጭቃ በሁለቱም ወገን ይመረግበታል፤ በመጨረሻ በኖራ ይቀባል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን በመሸከም ሲያግዝ፣ እዚያ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የእንጨቱ አጥንት መሆኑ ነው። ምርጊቱ ሲያረጅ ቤቱ ሳይነካ ይታደሳል፤ በኋላ ዘመን ጭቃው ወጥቶ በቦታው ጡብ የተሞላባቸውም ብዙ ናቸው።

ዕድሜው የሚታወቀው በዛፉ ዓመታዊ ቀለበት ነው። ኦክ በተመቸው ዓመት ሰፊ፣ ባልተመቸው ዓመት ጠባብ ቀለበት ያበቅላል፤ የጠባቡና የሰፊው ቅደም ተከተል ደግሞ በአንድ አካባቢ ላሉ ዛፎች ተመሳሳይ ነው። ባለሙያዎች ከግንዱ ቀጭን ናሙና ቦርቡረው ያወጡና ቀለበቱን ዓመቱ ከታወቀ ረጅም ዝርዝር ጋር ያስተያዩታል። የዛፉ ልጣጭ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካልጠፋ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት በትክክል ይገኛል፤ እንጨቱም እርጥብ ሳለ ስለሚሠራበት ቤቱ የቆመው በዚያው ዓመት ወይም ብዙም ሳይቆይ ነው። በነገራችን ላይ ብዙ የእንግሊዝ ገጠር ሰዎች ቤታችን ከአሮጌ መርከብ እንጨት የተሠራ ነው ብለው ያወራሉ። ለዚህ ማስረጃ የሚያደርጉት በግንዶቹ ላይ የሚታዩ ባዶ ቀዳዳዎችን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀዳዳዎቹ የሚመጡት ግንዱ ቀድሞ በሌላ ቤት ወይም በጎተራ ውስጥ ስላገለገለ ነው። ከባሕር ርቆ በሚገኝ መንደር ጭምር ይህ ወሬ መኖሩ ማስገረሙ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የሣር ክዳን በእንግሊዝም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። በምን ይከድኑታል? ስንት ዓመት ይቆያል? (አንባቢ፣ ዘጌ)

መልስ፦ በሁለት ነገር ይከድኑታል፤ በስንዴ አገዳና በውኃ ዳር በሚበቅል ቀጭን ሸምበቆ። በሰፊው የተለመደው የስንዴ አገዳ ነበር፤ ከእርሻው ራሱ የሚገኝ ስለሆነ ወጪ የለውም። ሸምበቆው በተለይ በምሥራቅ፣ በኖርፎክ አውራጃ ረግረጋማ ምድር ይታጨዳል። የአገዳው ክዳን እንደ አሠራሩ 20 ዓመትና ከዚያም ጥቂት በላይ ሲቆይ፣ በደንብ የተከደነ ሸምበቆ 40 እና 50 ዓመት ያገለግላል፤ በጣሪያው ጫፍ ላይ ያለው የማሠሪያ ክፍል ግን በየ10 ወይም በየ15 ዓመቱ መታደስ አለበት። ዝናቡ ሳይሰርግ ቶሎ እንዲወርድ ጣሪያው በጣም ቀጥ ያለ፣ ወደ 50 ዲግሪ የሚጠጋ ተዳፋት ያስፈልገዋል። ዛሬ በሸክላ የተከደነ አሮጌ ቤት ጣሪያው እንዲህ ቀጥ ያለ ሆኖ ከተገኘ ቀድሞ የሣር ክዳን እንደነበረው መጠርጠር ይቻላል።

በደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ጣሪያ የሚከድኑት ባለሙያዎች አሮጌውን ክዳን ሙሉ በሙሉ አያነሡም ነበር፤ የበሰበሰውን ላይኛውን ክፍል ብቻ ገፈው በቀረው ላይ አዲሱን ይደርባሉ። በዚህ ልማድ የተነሣ ከታች ያለው የመጀመሪያው ድርብርብ፣ በወለሉ እሳት ጭስ እንደ ጠቆረ፣ ከመካከለኛው ዘመን እስከ ዛሬ የቆየባቸው ቤቶች አሉ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከዚያ ውስጥ የጥንቱን ስንዴና አጃ፣ አብሮ የበቀለውን አረም ሳይቀር ለቅመው አጥንተዋል። በእርሻው ላይ ዛሬ የማይዘራ ረጅም አገዳ ያለው የስንዴ ዘር በጣሪያ ውስጥ ተጠብቆ መገኘቱ ለእኔ የዚህ ሁሉ ጥናት ትልቁ በረከት ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንጅም ከከብቱ ጋር በአንድ ቤት ያድር ነበርን? (ገበሬ፣ ሐሙሲት)

መልስ፦ ያድር ነበር። በዴቨን፣ ዳርትሙር በሚባለው ቀዝቃዛና ነፋሻ ደጋ፣ ሰውና ከብት በአንድ ክዳን ሥር የሚኖሩባቸው ረጃጅም ቤቶች ከግራናይት ድንጋይ ይሠሩ ነበር፤ ሃየር አፓኮት የተባለው ቤት የእነዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ቤቱ በተዳፋት ላይ ወደ ታች ርዝመቱን ይዞ ይቆማል፤ ሰው ከላይ፣ ጋጣው ከታች ይሆንና ሽንቱ በወለሉ መካከል በተቆፈረ ቦይ በታችኛው ጫፍ በኩል ወደ ውጭ ይወርዳል። ሁለቱም የሚገቡት በአንድ በር ነበር። በኋላ ከብቱ የራሱ በር ተከፈተለት፤ ቀጥሎም ወደ ተለየ በረት ተዛወረ። የተለቀቀው ጋጣም በብዙ ቤቶች ወጥ ቤት ወይም ሳሎን ሆኗል።

ጥያቄ፦ በአሮጌ የእንግሊዝ ቤቶች ፎቶግራፍ ላይ በጡብ የተደፈኑ መስኮቶች አያለሁ። ምክንያቱ ምንድን ነው? (የፎቶግራፍ ባለሙያ፣ ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የተለመደው መልስ ግብር ነው፤ በከፊል ትክክል ነው። ከ1696 እስከ 1851 የመስኮት ግብር ነበር፤ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ቤት 2 ሺሊንግ ሲከፍል፣ መስኮቱ ከ10 ሲያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበት ነበር። ግብሩን ለመሸሽ መስኮታቸውን የደፈኑ መኖራቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤት ፊት ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ ከመጀመሪያው ተደፍነው የተሠሩ የማስመሰያ መስኮቶችም ነበሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከውስጥ ጭስ ማውጫ ወይም ደረጃ ሲመጣባቸው የተዘጉ ናቸው። በአንዳንድ የገበሬ ቤቶች ከበር ወይም ከመስኮት በላይ የወተት ቤት ወይም የአይብ ክፍል የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ እነዚህ ክፍሎች በኋላ ከግብሩ ነፃ ስለተደረጉ ግብር ሰብሳቢው እንዲያየው የተጻፈ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን በገበሬ ቤት መስታወት ራሱ አልነበረም፤ መስኮቱ በቋሚ የእንጨት ዘንጎች የተከፋፈለ ክፍተት ሆኖ፣ በሌሊትና በብርድ በሳንቃ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ድካም ትተው ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነው፣ ጣሪያውን በቆርቆሮ ቢከድኑት አይሻልም? እኔ በሥራዬ ብዙ የጭቃ ቤቶችን በዚህ መንገድ አድሻለሁ። (የግንባታ ተቋራጭ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሕጉ አስቀድሞ ይከለክላቸዋል። በእንግሊዝ ታሪካዊ ሕንፃዎች በመንግሥት መዝገብ ይሰፍራሉ፤ ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት መሠረት የተጣለው በ1947 በወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ነው። ከ1700 በፊት ተሠርተው ዋናው አካላቸው የተጠበቀ ቤቶች ሁሉ በዚህ መዝገብ የመግባት ዕድል አላቸው፤ የተመዘገበን ቤት ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ሳያገኙ መሥራት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። የልጂቱ አከራይ ሲሚንቶ ሊያስለስኑ ቢፈልጉም እንደ ልባቸው አይሆንላቸውም።

ከሕጉ የሚበልጠው ግን የቁሱ ጠባይ ነው። ጭቃም ኦክም ኖራም እርጥበትን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ መልሰውም ያወጣሉ፤ ከወቅቱ ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳሉም። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ እሱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባውም ውኃ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይቀራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ ቤቶች በቅን ልቦና በሲሚንቶ ከተለሰኑ በኋላ ለመቶዎች ዓመታት የቆየው ኦክ ከልስኑ ሥር ሳይታይ በስብሶ ተገኝቷል። በዴቨን በሙሉ በጭቃ የሚሠሩ ወፋፍራም ግድግዳዎች አሉ፤ ውፍረታቸው ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ታዋቂው መርከበኛ ዋልተር ራሌይ በ1552 ገደማ የተወለደበት ሄይስ ባርተን የተባለው የገበሬ ቤት እንዲህ ያለ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ሲሆን እስከ ዛሬ ቆሟል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ሰፊ ክፈፍ ያለው ክዳን ከላይ፣ የድንጋይ መሠረት ከሥር ካለው ዝናብን አይፈራም፤ በሲሚንቶ ከታሸገ ግን በውስጡ የታመቀው እርጥበት ቀስ በቀስ ያለሰልሰውና በአንድ ቀን ሊናድ ይችላል።

የኖራ ሥራ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት የቆሙት በኖራ ነው፤ ዐፄ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667 ሲነግሡ በእንግሊዝ ገጠር ጭስ ማውጫና ፎቅ ገና ይጨመር ነበር። እንግዲህ ወንድሜ፣ ለደንበኛዎ የጭቃ ቤት ከሲሚንቶ በፊት ኖራን ቢያስቡበት እመክራለሁ። ስለ ቆርቆሮው ግን ልከራከርዎ አልችልም፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይከደናል፣ በእንግሊዝም ሳር ክዳን ያላቸው ብዙ ጎተራዎች በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በቆርቆሮ ተሸፍነዋል፤ አንዳንዶቹም ለዛሬ የተረፉት ከላይ በተደረበው ቆርቆሮ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ገበሬ ቤቶች ሁሉ ከእንጨት ናቸው ማለት ነው? (ተማሪ፣ ጎርጎራ)

መልስ፦ አይደሉም። ቦይና ባቡር ከመምጣታቸው በፊት ከባድ ዕቃ በጋሪ ማጓጓዝ እጅግ ውድ ስለነበር፣ ገበሬው የሚሠራው ከእግሩ ሥር ባገኘው ነገር ነበር። በኮትስዎልድ ኮረብቶች የወርቅ መልክ ባለው የኖራ ድንጋይ፣ በኖርፎክ በባልጩት፣ በዴቨን በጭቃ፣ በዊልድ በኦክ ይሠራል። የፊዚክስ ሊቁ አይዛክ ኒውተን በ1642 የተወለደበትና በ1665 ካምብሪጅ በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ ተመልሶ ስለ ብርሃን የተመራመረበት ዉልስቶርፕ የተባለው ቤት፣ በሊንከንሻየር አውራጃ ከአካባቢው ድንጋይ የተሠራ የገበሬ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ (ከመጀመሪያው ጠያቂ የተጨመረ) ልጄ በቤቱ ውስጥ ከእሷ በፊት እነማን እንደኖሩ ማወቅ ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር? ደግሞም አከራይዋ ጭስ ማውጫውን ሲያስጠግኑ የአንድ ሕፃን አሮጌ ጫማ በጡቡ መካከል ተገኝቶ ነበር፤ ይህ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ከጫማው ልጀምር። በጭስ ማውጫ፣ በደረጃ ሥርና በጣሪያ ውስጥ ያገለገለ ጫማ መደበቅ በእንግሊዝ ለብዙ ዘመናት የቆየ ልማድ ነው፤ በኖርዝሃምፕተን ከተማ የሚገኘው ሙዚየም እንዲህ የተገኙ ጫማዎችን በመዝገብ ይይዛል፤ የሕፃናት ጫማም ብዙ ነው። ክፉ መንፈስ በጭስ ማውጫው እንዳይገባ ለመከላከል ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ምክንያቱን ጽፈው አልተዉም። ጫማውን ፎቶግራፍ አንሥቶ የተገኘበትን ቦታ በትክክል መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ባለቤቶች ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

ስለ ነዋሪዎቹ፣ ልጅዎ በሜይድስቶን ከተማ ወደሚገኘው የኬንት አውራጃ ቤተ መዛግብት ብትሄድ ወይም ብትጽፍ ከቅርቡ ዘመን ወደ ኋላ እያለች ትሂድ። በ1836 ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው አሥራት ወደ ገንዘብ እንዲለወጥ ሕግ ሲወጣ፣ በዚያው ምክንያት የተዘጋጁት ካርታዎች እያንዳንዱን ማሳና ቤት ከባለቤቱና ከሚኖርበት ሰው ስም ጋር ያሳያሉ። ከዚያ በፊት ከ1662 እስከ 1689 በእያንዳንዱ ምድጃ በዓመት 2 ሺሊንግ የሚከፈልበት ግብር ነበር፤ የግብሩ መዝገብ የቤቱን አባወራ ስምና የምድጃውን ቁጥር ይዟል።

ከሁሉም የሚበልጥባት ግን የሟቾች ንብረት ዝርዝር ነው። ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አንድ ሰው ሲሞት ጎረቤቶቹ በቤቱ እየዞሩ፣ ብዙ ጊዜም ክፍል በክፍል፣ አልጋውን፣ ድስቱን፣ እህሉንና ከብቱን ከነዋጋው ይመዘግቡ ነበር። ልጅዎ ከዚህ ቤት የወጣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ካገኘች፣ ከአዳራሹ በላይ ያለው ክፍል የሚል መጠሪያ እንዳለበት ትመልከት። ካለበትና አልጋ ከተመዘገበበት፣ በዚያ ዓመት አዳራሹ ፎቅ ገብቶበት ጭሱም በጡቡ በኩል መውጣት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። አዳራሹ ብቻ ተጠቅሶ በውስጡ ድስት ማንጠልጠያው፣ ጠረጴዛውና አግዳሚ ወንበሩ ተመዝግበው፣ ከላዩ ግን ምንም ካልተጻፈ፣ አከራይዋ ጭስ ማውጫው ተሠራ የሚሉትን ዓመት ከዝርዝሩ ዓመት ጋር ታስተያየው።